የቮልሷ ጠርሙስ

ሰኞ፣ ሰኔ 3 ቀን 2005

ሎሚን ትምህርት ቤት አደረስኳት። የዛሬ ስሟ «እትዬ ሽንኩርት» ነው። ዓርብ «ኮሎኔል» ነበረች። ጠዋት ጠዋት አዲስ ስም ካላወጣሁላት የልጅ ልጄ መኪና ውስጥ አትገባም። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ስሞቿን በደብተር ትመዘግባለች። እኔ ደግሞ እዚህ እሞነጫጭራለሁ። ቤቱ የጸሐፊ ቤት ሆኗል።

ከሲኤምሲ እስከ ሳሊተ ምሕረት መንገዱ እንዳለ ተቆፍሯል። ባቡር ሊመጣ ነው አሉ። እሱ እስኪመጣ ጭቃው ቀድሞ መጥቷል።

ወርቄ ዛሬም «እስቲ ተንፍስ» አለችኝ። ተነፈስኩላት። ምንም የለም። ሐኪሙ አረቄ ከከለከለኝ ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ ሚስቴ ግን ከሐኪሙ ትብሳለች። ጓዳውን ፈትሻለች፣ ፍራሹን ገልብጣለች፣ አሮጌ ጫማዬ ውስጥ ሳይቀር እጇን ከታለች። ቮልሷን ማን ይጠረጥራታል? ከፊት ኮፈን ሥር፣ የመስታወት ማጠቢያ ውሃ የሚቀመጥበት ጠርሙስ አለ። ውሃ የለበትም። ከሾላ ገበያ የገዛሁት አረቄ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሲኒ፣ ከላዩ ቅርንፉድ ማኘክ። በቃ።

የቮልሷ ማጠቢያ የሚሠራው በንፋስ ነው። ከስኮርታ ጎማዋ ንፋስ በቀጭን ቱቦ ወደ ጠርሙሱ ይሄዳል፣ ውሃውን ገፍቶ መስታወቱ ላይ ይረጨዋል። አምና ሎሚ ቁልፉን ተጫነችውና አረቄው መስታወቱ ላይ ፊጭ። «አባባ፣ መኪናችን ምን ጠጥታ ነው?» አለች። በማግስቱ የንፋሱን ቱቦ በቢላ ቆርጬ ጣልኩት። አሁንም ትዝ ሲለኝ ያስቀኛል።

ረቡዕ፣ ሰኔ 5

ልጻፈው… ማንም አያነበውም።

ሎሚን አድርሼ ስመለስ ነው። ዝናብ። ከሳሊተ ምሕረት መታጠፊያ ወዲህ አንድ ገልባጭ መኪና ባጠገቤ አለፈና ጉድጓድ ውስጥ ገባ፣ የጉድጓዱን ጭቃ በሙሉ መስታወቴ ላይ ደፋው። ጨለመብኝ። መጥረጊያውን ለቀቅኩት፣ ጭቃውን ቀባው እንጂ አልጠረገውም። እጄ በልማድ ወደ ውሃው ቁልፍ ሄደ። ተጫንኩ። ተጫንኩ… ምን ይወጣል? ቱቦ የለው።

በቀኝ በኩል ድው አለ።

ምን ነበር? ድንጋይ? በርሜል? ከኋላ ክላክስ። መቆም ነበረብኝ። አልቆምኩም። አንገቴን በመስኮት አውጥቼ እየነዳሁ ቤቴ ገባሁ። አርባ አንድ ዓመት መሪ ስይዝ ሰው ጭሬ አላውቅም።

ለምን አልቆምክም አንተ ሰውዬ? ኮፈኑን ቢከፍቱት አረቄ። ዛሬ ጠብታ አልቀመስኩም። ማን ያምነኛል?

ከቀኙ መብራት ሥር መዳፍ የምታህል ሥርጉድ አለች።

ሐሙስ፣ ሰኔ 6

ሎሚ በታክሲ ሄደች። መኪናዋ ታማለች አልኳቸው። ለሎሚ ስም አላወጣሁላትም።

ዓርብ፣ ሰኔ 7

አረቄውን ሽንት ቤት ደፋሁት።

«ምን ሸተተኝ?» አለች ወርቄ።

«ናፍጣ።»

«ቮልስ ናፍጣ መጠጣት ጀመረች?»

ባልዲውን አንስቼ ወጣሁ። ተከተለችኝ። «ሦስት ቀን ሙሉ አላበሸቅከኝም። አሞሃል እንዴ?» ግንባሬን በእጇ ነካችኝ።

የበሩ ደወል በጮኸ ቁጥር ፖሊስ ይመስለኛል። ቅድም የመጣው ቆሻሻ ሰብሳቢው ነበር። መጀመሪያ በቀዳዳ አይቼ ነው የከፈትኩለት።

ማጠቢያውን መጠገን አለብኝ። ለምን? ትራፊክ መጥቶ ሲከፍተው ውሃ እንዲያገኝ። እዚህ እንኳ አልዋሽ… ሌላ ምክንያት የለኝም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 8

ቮልሷን አውጥቼ ለሰው ማሳየት ፈራሁ። ስኮርታዋን ፈትቼ እያንከባለልኩ፣ ጠርሙሱን በብብቴ ይዤ ሰይድ ጎሚስታው ዘንድ ሄድኩ።

«ጋሽ ኃይለኪሮስ፣ ከጎማ ጋር ሽርሽር ወጡ?» አለኝ።

ጎማዋን ፊቱ አጋደምኩለት።

ስኮርታዋን ከሌሎቹ ጎማዎች አብልጦ ሞላት፣ ለራሷም ለውሃውም እንድትበቃ። ጥቁር ቱቦ ፈልጎ ለክቶ ቆረጠልኝ። ከዚያ ጠርሙሱን አሸተተው።

«ምን ነበረበት?»

«ጸበል።»

«እኔ እስላም ነኝ ጋሼ፣ ስለ ጸበል አላውቅም። ግን ጸበል ዓይን ያቃጥላል እንዴ?» ሳቀብኝ። ልስቅ ስል ቀጠለ፦ «ይልቅ ሰሙ? ያ አዲሱ ፎቅ የሚሠራበት ጋ የቀን ዘበኛው ተገጨ። ዋቅቶላ የሚሉት። ረቡዕ ነው፣ ገጭቶት እብስ አለ።»

«ምን ዓይነት መኪና?»

«በዚያ ዝናብ ማን ያያል?»

«ሞተ?»

«አንዱ እግሩ ነው ይላል፣ አንዱ ሞቷል ይላል።»

ስመለስ ጎማዋ ሁለት ጊዜ ከእጄ አመለጠች።

ሰኞ፣ ሰኔ 10

ቱቦውን ገጠምኩ። አንዱን ጫፍ ስኮርታዋ ላይ፣ አንዱን ጠርሙሱ ላይ። ውሃ ሞልቼ ተጫንኩ። ንፋሱ ሲያፏጭ ይሰማል፣ ውሃው የለም። ከመስታወቱ ሥር ያለችው መርጫ ዓይኗ ተደፍኗል። በወርቄ መርፌ ወጋ ወጋ አደረግኳት። የስንት ዓመት አቧራ ወጣ።

እንደገና ተጫንኩ። ውሃው መስታወቱን ዘሎ፣ ጣሪያውን ዘሎ፣ ልብስ የምታሰጣውን ወርቄን አገኛት።

«ሆን ብለህ ነው!» አለች፣ ደስ ብሏት። የድሮው ሰውዬ የተመለሰላት መስሏታል። አላስተባበልኩም። መርጫዋን ዝቅ አደረግኳትና እጄን ታጠብኩ። ደጋግሜ ታጠብኩ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 12

ሚካኤል ነው። ቤተ ክርስቲያን ብዬ ወጥቼ እግሬ እዚያ ቦታ ወሰደኝ። ከፎቁ በር ላይ አንድ የፕላስቲክ ወንበር። ባዶ።

ሻይ የምትሸጠውን ሴት ጠየቅኳት። ባለ ወንበሩ የት ሄደ አልኳት።

«ዋቅቶላ? ቤቱ ተኝቷል። እግሩ ተሰብሮ።»

አልሞተም። አልሞተም… ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ሴትየዋ ሻይ ሰጠችኝና ቤቱን በጣቷ አመለከተችኝ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 13

ብርቱካን ይዤ ሄድኩ። ደግነቱ በሽተኛ ሊጠይቅ የመጣን ሰው ማን ነህ የሚል የለም። «እግዜር ይማርህ» አልኩ፣ ወንበር ሰጡኝ።

ስልሳ ቢሆነው ነው። እግሩ በቀርከሃ ታስሯል። እንደዚያም ሆኖ ተነስቶ ሊቀበለኝ ሞከረ። «በዚያ በኩል ስመላለስ አይሃለሁ» አልኩት። እውነት ነው። የሚያስጠላውም እውነት መሆኑ ነው።

«የምጠብቀው ፎቅ የቆመው አባቴ ጤፍ በሚያርስበት ላይ ነው» አለኝ። «ልጅ ሆኜ ከወፍ እጠብቀው ነበር። አሁን ከሌባ።»

ቀልደኛ ነው። ምናለ ነጭናጫ ቢሆን።

«ማን ገጨህ?» ብዬ ጠየቅኩት። ምን አስጠየቀኝ?

«ጭቃ» አለ። «ከጭቃው ውስጥ ያለውን አላየሁትም።»

እሁድ፣ ሰኔ 16

ዛሬም ሄድኩ። እግሩን ያሰረለት ወጌሻ ቦሌ ቡልቡላ ነው ያለው፣ ማክሰኞ እንደገና ሊያየው ቀጥሮታል። በዚያ እግር ታክሲ ግፊያ አይሆንም። ሚስቱ ስትጨነቅ እኔ «በመኪናዬ እወስደዋለሁ» አልኩ።

ማን አናገረኝ? በዚያችው መኪና? ሥርጉዷ እንዳለች ናት። ቤት ገብቼ በጨርቅ አሸኋት። ሥርጉድ በጨርቅ ይለቃል?

ማክሰኞ፣ ሰኔ 18

ምርኩዙን ይዞ ወጣ። ቮልሷ ፊት ትንሽ ቆመ። ሥርጉዷን አያት? አላያትም? ምርኩዙን ቀድሞ አስገብቶ ከጎኔ ገባ።

ዝናብ። ወደ ቡልቡላ ስንታጠፍ ከፊታችን ገልባጭ መኪና… ጭቃ። መስታወቱ ጨለመ። ተጫንኩ። በሁለት ቀጭን መስመር ውሃ ተረጨ፣ መጥረጊያው ሁለቴ ተመላለሰ፣ መንገዱ ታየ። አንዲት ሴት ልጅ አዝላ እየተሻገረች ነበር። ቆምኩላት።

ዋቅቶላ ከመስታወቱ ዓይኑን አልነቀለም።

«ጋሼ… ይሄ ውሃ ያን ዕለት የት ነበር?»

ዳር ይዤ አቆምኩ። ሁሉንም ነገርኩት። አረቄውን፣ ቱቦውን፣ አለመቆሜን፣ ብርቱካኑን።

«መቼ አወቅክ?»

«ቅድም፣ በሬ ላይ ሲመጡ። ጭቃው ውስጥ ወድቄ ሲርቅ የሰማሁት ድምፅ ይሄ ነው።»

«ታዲያ ለምን ገባህ?»

«ካልገባሁ መቼ ሊነግሩኝ ነው?»

ወጌሻው እግሩን ሲያሽ እሱ አልጮኸም። ዓይኔን የጨፈንኩት እኔ ነኝ። ስንመለስ፣ አለቆቹ እስከ ሰኞ ድረስ በቦታው ሰው ካልተካ ሌላ ሊቀጥሩ እንደሆነ ነገረኝ። «ትራፊክ ጋ አብረን እንሂድ» አለ። አልተቆጣም፣ ይቅርም አላለኝም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 19

ለወርቄ ነገርኳት። «ማጠቢያው ውስጥ?» አለች፣ ሊያስቃት ነበር። ስለ ሰውየው ስቀጥል ቁጭ አለች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ማታ መረቅ የሚሆን አጥንት ልትገዛ ወጣች። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ዓርብ፣ ሰኔ 21

ትራፊክ ጽሕፈት ቤት። ዋቅቶላ አግዳሚው ላይ፣ እኔ አጠገቡ። ትራፊኩ ወጣት ነው። ቃላችንን ሰማ፣ ቮልሷን ለማየት ወጣ። ኮፈኑን ከፈተ፣ ጠርሙሱን አየ፣ ቁልፉን ተጫነ። ውሃው ጥሩ አድርጎ ተረጨ።

«የመስታወት ማጠቢያ… ይሠራል» እያለ ጻፈ።

ያ ሁሉ ጎማ ማንከባለል፣ ያ ሁሉ መርፌ ለዚህች መስመር ነበር። አገኘኋት። ዋቅቶላ ከበሩ ላይ አየኝ።

«ያን ዕለት አይሠራም ነበር» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። «ቱቦውን ራሴ ነኝ የቆረጥኩት። ጠርሙሱ ውስጥ አረቄ ነበር። እሱን ይጻፉ።»

«ጠጥተው ነበር?»

«አልጠጣሁም።»

«እኔ ምን አውቃለሁ አባባ» አለ። ጻፈ። መንጃ ፈቃዴን መሳቢያ ውስጥ ጣለው። ፍርድ ቤት ሐምሌ 9።

እስር ቤት በዚህ ዕድሜ…

ሰኞ፣ ሰኔ 24

ሎሚን በእግር አደረስኳት። ሩቅ ነው ለካ። ስም ላወጣላት ስል «ዛሬ ተራው የእኔ ነው» አለች። እየሄደች አሰበች፣ አሰበች።

«አቶ እግረኛ።»

ደብተሯን አውጥታ ቆማ ጻፈችው።

ከዚያ ወደ ፎቁ ሄድኩ። ዋቅቶላ እግሩ እስኪጠና ቦታውን እንዳይወስዱበት እኔ እቀመጥለታለሁ። አለቃው ከላይ እስከ ታች አይቶኝ «እርስዎን ማን ይጠብቃል?» አለ። ወንበሩን ወደ በሩ ጠጋ አድርጌ ተቀመጥኩ። የሻይዋ ሴትዮ ጃንጥላ አዋሰችኝ።

ከዚህ ወንበር ሆኖ መንገዱ ሌላ ነው። ጎማው ሁሉ ወደ እኔ የሚመጣ ይመስላል። ከሰዓት በኋላ ዘነበ። መኪና ባለፈ ቁጥር እግሬን እሰበስባለሁ።