ያረጀው ላፕቶፕሽና 2810 ቀን

ውድ ሀናን፣

እንደምን ከርመሻል? ኮምቦልቻ ከነነፋሷ እንዴት ናት? ባልሽስ ደህና ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እንዲያውም ሰሞኑን ከደስታዬ ብዛት እግሬ መሬት አይረግጥም። ይህን በስልክ ብነግርሽ መሃል ላይ አቋርጠሽኝ ራስሽ ትጨርሺው ነበር፤ ጠባይሽን አውቀዋለሁ። ስለዚህ ጻፍኩት።

ትተሽልኝ የሄድሽው ላፕቶፕ ሠራ። ያሠራሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ካላመንሽ ደግመሽ አንብቢው።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። እንደምታውቂው ደሴ ካለ አንድ ኮሌጅ በርቀት ልማር ተመዝግቤ ነበር። የመግቢያ ፈተናው በኢንተርኔት ነው፤ ዓርብ ጥር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። በስልክ አይቻልም። ካሜራ ያለው ኮምፒውተር ያስፈልጋል፤ ክፍሉ ውስጥም ከተፈታኙ በቀር ሰው እንዳይኖር ይላል። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ወደዚህ ሪያድ ለሥራ ከመጣሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ይህ ካመለጠኝ ሌላ ዓመት እንደማልጠብቅ፣ ትምህርት የሚባለውን ነገር እርግፍ አድርጌ እንደምተወው አውቅ ነበር።

ላፕቶፕሽን ስከፍተው የፈተናው ገጽ አልቀበለውም አለ፤ ውስጡ ያለው ሲስተም አርጅቷል። ሙረባዕ ሰፈር ስልክ የሚጠግነው የሐይቅ ከተማው ልጅ ዘከሪያ ጋ ይዤው ሄድኩ። ገልበጥ አድርጎ አየውና፣

«እህቴ፣ ሙዚየሙ እኮ እዚሁ ጎናችን ነው። ለምን ለእነሱ አትሰጫቸውም?» አለኝ።

ስቆ ሲጨርስ ግን ረዳኝ። ሰዓቱን የምትይዘዋን ትንሿን ክብ ባትሪ ቀየረልኝና ሊኑክስ የሚባል ሲስተም በፍላሽ ገልብጦ ሰጠኝ። «ለአሮጌ ማሽን ይሄ ነው የሚሆነው። ፍላሹን ሰክተሽ ታበሪዋለሽ፤ የሚጎድለውን ራሱ ከኢንተርኔት ያወርዳል። መጀመሪያ ቀንና ሰዓት ይጠይቅሻል፣ ትሞያለሽ። በቃ። ያላ እህቴ፣ ደንበኛ ቆሟል።»

ፈተናው አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ዓርብ ጠዋት፣ መንሱራ ሰፈር ያለችው የእረፍት ቀን ክፍላችን ገብቼ ተቀመጥኩ። ቀኑን ሞላሁ፣ ፍላሹን ሰካሁ፣ ቢስሚላህ ብዬ ጀመርኩ። ግማሽ ድረስ ሄደና ቆመ። ቀይ ጽሑፍ አወጣ። ዘጋሁትና እንደገና ጀመርኩ፤ እዚያው ቦታ ቆመ። ኔቱ ነው ብዬ የክፍል ጓደኛዬን የሚሚን ስልክ ኔት ተዋስኩ፤ ቆመ። አራት ጊዜ ሞከርኩት፣ አራት ጊዜም እንደ ግትር በቅሎ እዚያችው ቦታ ላይ ተገተረ። ለዘከሪያ ብደውልለት፣

«ኸላስ፣ በቃ፣ ዲስኩ ሞቷል። ሌላ ግዢ» አለኝ። ቀጠለና ደግሞ፣ «ምን ይደረግ፣ ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል» ብሎ ሳቀ።

ሀናን፣ ያን ቀን የተናደድኩት በእሱ አይደለም። ባንቺ ነው። አንድ ክፍል ስንኖር ምንም ነገር ሲበላሽ «ተይው፣ እኔ ልሥራው» ብለሽ ከእጄ ትቀሚኝ ነበር። ስልኬን አንቺ፣ የባንኩን አፕ አንቺ፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ የኢቃማዬን እድሳት አንቺ። ደግ ነበርሽ፤ ደግነትሽ ግን እጄን አሰረው። እንግሊዝኛ ጽሑፍ ስክሪን ላይ ብቅ ሲል አንብቤው አላውቅም፣ ቶሎ ብዬ እዘጋዋለሁ። ለምን አነባለሁ? አንቺ ነበርሽ።

ሌላም ልናዘዝ። በኸሩጅ፣ በመውጫ ቪዛ፣ ለዘለቄታው ወደ ሀገር ስትመለሺ ኤርፖርት ያልሸኘሁሽ አሠሪዬ መዳም ከልክላኝ ነው ብዬሽ ነበር። ውሸት ነው። ፈቃድም አልጠየቅኳት። ጥለሽኝ የሄድሽ መስሎኝ አኩርፌ፣ ያን ቀን ሙሉ ንጹሑን ምንጣፍ ሳጥብ ዋልኩ። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።

ሳምንቱ በሥራ አለቀ። የፈተናው ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መንሱራ ደረስኩ። የቀረኝ ሰባት ሰዓት ነው። ላፕቶፑን አስነስቼ ጀመርኩት፣ ያው ቦታ ቆመ፣ ያው ቀይ ጽሑፍ ወጣ። ጣቴ ሊዘጋው ሲል ያዝኩት። እስኪ ዛሬ እንኳ ምን እንደሚለኝ ልስማው አልኩ።

እርሳስ አንስቼ ጽሑፉን ፊደል በፊደል በሩዝ ካርቶን ላይ ገለበጥኩት። የማላውቃትን ቃል ሁሉ በስልኬ መዝገበ ቃላት ፈለግኩ። ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ሲገጣጠም የሚለው እንዲህ ነው፤ ይህ ፋይል ገና አልጸናም፣ የሚጸናው ከ2810 ቀን በኋላ ነው።

ዲስክ የሚል ቃል የለበትም። ሞቷል የሚልም የለበትም። ቀን ነው የሚያወራው። እንግዲህ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ አሥር ቀን ስንት ነው ብዬ ለሦስት መቶ ስድሳ አምስት አካፈልኩት። ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ግድም።

ሰባት ዓመት ከምናምን። ይህን ቁጥር የማያውቅ ሀበሻ አለ እንዴ? እኛና ፈረንጅ የምንራራቀው በዚሁ አይደለም?

አየሽ፣ የእኛ ኑሮ እዚህ በሦስት ቀን መቁጠሪያ ነው። ኢቃማዬ የሚያልቀው በሒጅራ፣ ደመወዜ የሚገባው በፈረንጅ፣ ፈተናዬ ያለው በእኛ። ያን ሰሞን ጥር 15፣ ጥር 15 እያልኩ ስለምተኛና ስለምነሳ፣ ላፕቶፑ ቀን ሲጠይቀኝ ግድግዳው ላይ የሰቀልሽውን የሀገር ቤት ካላንደር አይቼ አምስተኛ ወር፣ ስምንተኛ ቀን፣ 2018 ብዬ ሞላሁለት። እሱ ምስኪን በፈረንጅ አቆጣጠር 2018 ላይ ቆሞ፣ ትናንት የተሠራውን ፋይል ገና ያልተወለደ ነው ብሎ እምቢ አለ። ልክ ነበር እኮ። ያሳሳትኩት እኔ ነኝ። ስልኬ ላይ የፈረንጁ ቀን ሳምንቱን ሙሉ ፊቴ ላይ ነበር፤ ልብ ካላየ ዓይን አያይም።

ብቻዬን ሳቅሁ። ሚሚ ከውጭ ሰምታ «ምን ሆንሽ አንቺ፣ አበድሽ?» አለችኝ።

ላፕቶፑን አጠፋሁት፣ ሲነሳ ቀን የሚሞላበት ገጽ ገባሁ፣ ከስልኬ እያየሁ ቀኑን 23፣ ወሩን 1፣ ዓመቱን 2026 አደረግኩት። ፍላሹን ሰካሁ። ግማሽ ድረስ ሄደ። እዚያችን ቦታ አለፋት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ምን ብዬ ልጻፍልሽ፤ መስመሯ ቀስ እያለች ስትሞላ እኔም አብሬያት ስሞላ ተሰማኝ። ከጁምዓ በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ አዲሱ ሲስተም ስሜን ጠየቀኝ። ረሂማ ብዬ ጻፍኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የፈተናው ገጽ ተከፈተልኝ። ሚሚ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ሰው አላስገባም ብላ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠበቀችኝ። አንዳንዱን ጥያቄ አላወቅኩትም። ግን አንዱንም ሳላነብ አላለፍኩም።

ለዘከሪያ ደውዬ ነገርኩት። እሱም፣ «ወላሂ እኔም ጽሑፉን አላነበብኩትም፣ ድምፅሽን ሰምቼ ነው የፈረድኩት። አውፍ በይኝ» አለኝ። አውፍ አልኩት፤ እንዲያ እንዲለኝ ግን ሁለት ጊዜ አስደገምኩት።

ውጤቱ ትናንት መጣ። አልፌአለሁ፣ ሀናን። ከታች የትምህርት ዘርፍ ምረጡ የሚል ነበር። ስመዘገብ «አንቺ ሥራ አመራር ይሻልሻል፣ ኮምፒውተር ይከብድሻል» ብለሽኝ እሺ ብዬ እንደነበር ታውቂያለሽ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ልደውልልሽ ስልኬን አንስቼ ነበር። መልሼ አስቀመጥኩት። አማራጮቹን አንድ በአንድ አነበብኳቸው፤ ከዚያም ማንንም ሳልጠይቅ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚለውን ነካሁ።

እወድሻለሁ፤ ስቀሽ እንደምታነቢው ተስፋ አለኝ።

እህትሽ ረሂማ፣
መንሱራ፣ ሪያድ