ቬንድራ የሚለው ቃል

ግንቦት 6፣ ከሰዓት
የልጆቹን ፈተና እያረምኩ ደብዳቤው መጣ። ከስፔን። የሟች እህቴን ልጅ ሰላምን ወስደው የሚያሳድጓት ሰዎች በዓመት አንዴ ይጽፋሉ። ሁልጊዜ የአማርኛ ትርጉም አብሮት ይመጣ ነበር፤ ዘንድሮ የለም። እማ ከእጄ ነጥቃ ጎረቤታችን ጋሽ ደምሴ ዘንድ ሄደች። በልጅነታቸው ደ/ብርሃን የጣሊያን ሱቅ ውስጥ ሠርተዋል፤ ከዚያ ወዲህ የፈረንጅ ነገር ሁሉ የሳቸው ነው።

ግንቦት 7
ጉድ ፈላ። ጋሽ ደምሴ ሦስት ቃል ለይተዋል፦ ሰላም፣ ቬንድራ፣ አጎስቶ። ቬንዴሬ በጣሊያንኛ መሸጥ ነው፣ አጎስቶ ነሐሴ ነው አሉ። በቃ፣ ልጅቷን በነሐሴ ሊሸጧት ነው! እማ ጥቁር ለበሰች። ጎረቤት ተሰብስቦ ያለቅሳል። ልጅ የሚሸጥ ሰው ደብዳቤ ይጽፋል ወይ ብዬ ብጮህ ማን ሰምቶኝ። አንቺ ደብተር፣ አንቺ እንኳ ስሚኝ። ግን ልዋሽሽ አልችልም፣ እኔም ፈርቻለሁ። የጉዲፈቻው ወረቀት ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ።

ግንቦት 9
ት/ቤታችን አዲስ የመጣው መ/ር ዮናስ ለካቶሊክ ቅስና ሲማር ያቋረጠ ነው። ላቲን ያውቃል፣ ስፔንኛም ይሞክራል። እሱም ዘመሮ ከተማ ሄዷል! መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም።

ግንቦት 11፣ ረፋድ
ዮናስ ተመለሰ። ደብዳቤውን አንብቦ ሳቀ። በጥፊ ልለው ምንም አልቀረኝም። ጠመኔ አንሥቶ ሰሌዳው ላይ ጻፈ። ላቲኑ ቬኒሬ፣ መምጣት። «ትመጣለች» ለማለት ጣሊያን ቬራ፣ ፈረንሳይ ቪያንድራ፣ ፖርቱጋል ቪራ፣ ስፔን ቬንድራ። «ሰላም በነሐሴ ከኛ ጋር ትመጣለች» ነው የሚለው።

ተቀመጥኩ። ከዚያ ንዴቴ መጣ። አንዱን ግሥ እንዲህ ቆራርጠው ተካፍለው እኛን ገደሉን አልኩ።

«እስቲ መጣ የሚለውን ለሴት በትእዛዝ አርቢልኝ» አለ ዮናስ።

መጣች፣ ትመጣለች... ነይ።

አፌን ያዝኩ፤ ለካ የኛውም «ነይ» ከ«መጣ» አይወጣም።

ከሰዓት
ጋሽ ደምሴ አላመኑም። ስንት ዓመት ሱቅ ውስጥ የሰማሁት ቃል ነው፣ መሸጥ ነው፣ አራት ነጥብ አሉ። እማ ግን ጥቁሯን አወለቀች። ልብሱን እያጣጠፈች፦

«አማርኛው ጠፍቷት ይሆናል። ምን ብዬ ላናግራት ነው?»

ይህን አላሰብኩትም ነበር።

ግንቦት 12
መልስ እየጻፍኩ ነው። እማ አላስጽፍ አለችኝ፦ ብርዱን ንገሪያቸው፣ ጭቃውን ንገሪያቸው፣ ወፍራም ልብስ ይያዙላት። «ነይ» በስፔን ቬን ነው አልኳት። ቤን ትላለች። ቬን! ቤን። ዮናስን ብጠይቀው እሷ ናት ልክ፣ ስፔኖች «ቬ»ን እንደ «ቤ» ነው የሚጠሩት አይለኝም! ተስፋ ቆረጥኩ።

ወሰንኩ። ዮናስ ቅዳሜ ቅዳሜ ሊያስተምረን እሺ ብሏል። እማም ትማራለች፣ በዚህ ዕድሜዋ። እስከ ነሐሴ ስንት ቅዳሜ እንዳለ ስቆጥር እሷ ጓዳ ውስጥ ብቻዋን ቤን፣ ቤን፣ ቤን እያለች ትለማመዳለች።