ባለቤቴን ኮሎኔል አድርገው ለሰቀሉልኝ ሰብሳቢ

ካርቱም፣ ሳጃና
የካቲት 1996 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ስለሺ
የሳጃና መረዳጃ ዕድር የመታሰቢያ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም፣ የግቢዎ በር መቀርቀሪያም በፍጹም ጤንነት ላይ እንድትገኙ ምኞቴ ነው። መቀርቀሪያውን የጨመርኩት የእኔው ሰሞኑን ጤና ስለራቀው ነው። ልጄ ተውፊቅ በገመድ አስሮልኛል፤ እኔም ቋጠሮው እንዳልላላ ለማወቅ ሥራ ጀምሬ እየተውኩ እየሄድኩ እዳስሰዋለሁ።

አድራሻዬን ከዚህ ላይ አልጽፍም። በዕድሩ ቤት መስኮት ላይ፣ ከባለቤቴ ፎቶግራፍ ሥር፣ ሰፈሬን፣ ከየትኛው ዳቦ ቤት ጀርባ እንደምኖርና የአከራዬን ስም ሳይቀር በትልልቅ ፊደል ስላጻፉልኝ መድገሙ ወረቀት ማባከን ይሆናል። ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግኩትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ መንገደኛ ሁሉ ቤቴን ካወቀ ወዲያ ሐሳቤን ቢያውቅ ምን ይጨምርብኛል?

ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ልጄ ሲያጠና ከጀርባው ቆሜ፣ በኋላም ከአገር ቤት ዕቃ ተጠቅልሎባቸው የሚመጡ ጋዜጦችን እያቃናሁ በማንበብ ነው። አጻጻፌ ለክብርዎ የማይመጥን ቢሆን ይቅርታዎን እለምናለሁ። መስኮቱ ላይ ያለውን ግን ሰው አላስነበብኩም። ራሴ አነበብኩት፤ የተሳሳትኩት እኔ በሆንኩ እያልኩ መልሼ መላልሼ አነበብኩት።

እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፤ ስለ ሹመቱ። ባለቤቴ ዳውድ ይመር በጦር ሠራዊት ውስጥ ባገለገለበት ዘመን ሁሉ ከአሥር አለቃነት አላለፈም። ሥራው የውሃ ቦቴ መንዳት ነበር። ምሽግ ውስጥ ላሉት ውሃ ያደርሳል፤ መንገዱ ሲደበደብ ከቦቴው ሥር ይተኛል፣ ጋብ ሲል ተነሥቶ ይነዳል። ጠመንጃ ነበረው። ቦቴው ስለሚያፈስ ግን ከተኮሰበት ይልቅ ዝገቱን የጠረገበት ጊዜ ይበዛል እያለ አብሮት ያገለገለው ኑርሁሴን ይስቅበት ነበር። ሠራዊቱ ተበትኖ በከሰላ በኩል ወደዚህ ስንገባም ዳውድ ሙያውን አልለወጠም፤ ካሮ በሚሉት የአህያ ጋሪ በርሜል ጭኖ ለኦምዱርማን ቤቶች ውሃ ሲያድል ኖሮ በወባ ሞተ። የአገሩ መንግሥት ሃምሳ አለቃነትን እንኳ የነፈገውን ሰው እርስዎ ከሞተ በኋላ በአንድ ጀምበር ኮሎኔል አደረጉት። እንዲህ ያለ ፈጣን እድገት ለሕያዋንም እንዲደርስ ከልብ እመኛለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ገላው። ክብርዎ ወደዚህ አገር የመጡት ዘግይተው ስለሆነ ምናልባት አያውቁ ይሆናል። ከሰላ አጠገብ በመጠለያው ሳለን፣ እኛ የወታደር ሚስቶች መጀመሪያ የለመድነው ሙያ ፎቶግራፍ መቁረጥ ነበር። መለዮ ለባሽ መሆኑ የታወቀበት ወደ አገሩ ይመለሳል፣ አለዚያም ቂም ያለው ሰው ያገኘዋል የሚል ወሬ ሲመጣ አንድ መቀስ ከድንኳን ድንኳን ይዞር ጀመር። ከአገጭ ሥር ይቆረጣል፣ ኮሌታውና ትከሻው ይቃጠላል፣ ፊቱ ይቀራል። የዳውድን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ እርሱ የውሃ ወረፋ ላይ ሳለ፣ ሳልጠይቀው። ሲመለስ አየት አደረገውና “አንገቴ ላይ ስትደርሺ እጅሽ ተንቀጥቅጧል” አለኝ። እውነትም የግራ ጆሮው ጫፍ የለም። በሳጃና ቤቶች ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት ወንዶች እስከ ዛሬ አገጫቸው ላይ የሚያበቁት ለዚህ ነው።

ኮሚቴዎ በየቤቱ እየዞረ “ለሞቱት ወታደሮች ዱዓና ጸሎት ይደረጋል፣ ስማቸው ይነበባል፣ ፎቶ ስጡን” ሲል ያንን ፊት ከሣጥን አውጥቼ ሰጠሁ። ስሙ አንድ ጊዜ በሰው ፊት እንዲነበብ እፈልግ ነበር። በቀብሩ ዕለት ጎረቤቶች አገር ቤት ምን ይሠራ ነበር ሲሉኝ “የነጋዴ መኪና ሹፌር” ብዬ ነበርና። ኑርሁሴን ከኋላ ቆሞ ሰምቶኝ ስለ እኔ ብሎ ዝም አለ። ያ ዝምታ እስካሁን አብሮኝ ይኖራል፤ እርስዎ ያነሡልኛል ብዬ ነበር።

ክብርዎ ግን አንገት ብቻውን ቢሰቀል ለክብር እንግዶች ዓይን አይመችም ብለው ፎቶዎቹን ሱቅ ዐረቢ ገበያ ለሚሠራው ለፎቶ አንሺው ለሂሻም ሰጡ። እኔም ነገሩ ስላልገባኝ በሐፍላ አውቶቡስ ተሳፍሬ፣ ሰው ያየኝ እየመሰለኝ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ሄድኩና ጠየቅሁት። ልጁ ጨዋ ነው፣ ወንበር ሰጠኝ። “ያ ኻልቲ፣ እኔ ያለኝ ሁለት ገላ ነው፤ ለሙሽራ ሱፍ፣ ለጀግና መኮንን። የእናንተ ሰብሳቢ መኮንኑን መረጡ” አለኝ። መኮንኑ የማን አገር እንደሆነ ብጠይቀው ከአሮጌ የግብፅ ቀን መቁጠሪያ ላይ እንደቆረጠው ነገረኝ። ባሌ እኮ የውሃ ሹፌር ነበር ብዬ ብነግረው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ “ወላሂ፣ የሹፌር ገላ የለኝም። ደግሞስ ሰው ከሞተ ወዲያ ኮሎኔል ቢሆን ምን ይጎዳዋል?” አለ።

የሞተውንስ አይጎዳውም።

ከዚያ ተመልሼ መስኮቱን ደኅና አድርጌ አየሁት። ኮቱ ከላይ ሦስተኛው ቁልፍ ጎድሎታል። የዳውድ ኮት ቁልፍ ጎድሎታል፤ የኤደን ባል ኮትም፣ የጸሐይወርቅ ወንድም ኮትም እንዲሁ። ሁሉም በአንድ ደረት ይተነፍሳሉ፣ ሁሉም ኮሎኔል ናቸው። ከመካከላቸው ከሁሉ ገዝፎ የተሰቀለው፣ ያው ቁልፍ የጎደለው፣ የክብርዎ የራስዎ ፎቶግራፍ ነው። በዕድር ስብሰባ ላይ ስለ ወጣትነትዎ ሲያጫውቱን የእህል መጋዘን ጸሐፊ እንደነበሩ የነገሩን መስሎኝ ነበር። የተሳሳትኩ እኔ ልሁን። ከእርስዎ ፎቶ ሥር ስምዎና ማዕረግዎ እንጂ ሰፈርዎ አለመጻፉንም አስተውያለሁ፤ ትሕትናዎ ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

ሦስተኛ፤ ስለ ዕረፍቴ። ልብስ የማጥብላቸው ሐጃ ኢጅላል የኮሎኔል ባልቴት እንደሆንኩ ሰምተው ቤታቸው እንዳልመጣ አዘዙኝ። “የስደተኛ አፈሳው፣ ከሻው መጥቶ ፖሊስ በሬን ቢያንኳኳ የማን ሚስት ደብቄ ነበር ልበል?” አሉኝ። ቆጥተው አልተናገሩም፤ እሳቸውም ፈርተው ነው። ስለዚህ አሁን ቤት ውዬ የደጁን ኮቴ ለማዳመጥ በቂ ጊዜ አለኝ፤ ይህንንም ያገኘሁት በእርስዎ ነው።

አራተኛው ላይ ስደርስ ብዕሬ ይከብደኛል፤ ቢሆንም እጽፈዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው መጣ። በእድሜ ከእኔ አይበልጥም፣ ንጹሕ ጀላቢያ ለብሷል፣ አማርኛው የእኛው ነው። ከደጃፍ ቆሞ “እናቴ፣ የኮሎኔሉ ቤት ይኸ ነው?” አለኝ። ኮሎኔል የሚባል አላውቅም አልኩት። “መስኮቱ ላይ ተጽፏል እኮ” አለ። እርሱ ሞቷል አልኩት። “እሱም ተጽፏል” አለና “ልጅ አለው?” ሲል ጠየቀኝ።

የለውም አልኩት።

የተውፊቅ ጫማ ከደጃፉ ላይ ነበር። ሰውየው ጫማውን አየው፤ እኔ ሲያየው አየሁት። ከዚያ ድምፁን ሳያነሣ ነገረኝ። ወንድሙ መምህር ነበር። በጦርነቱ ጊዜ በአንድ ኮሎኔል ትእዛዝ ከቤቱ ተወስዶ አልተመለሰም። የኮሎኔሉን ስም አያውቅም፤ የሚፈልገው የወንድሙን መቃብር የሚያሳየው ሰው ነው። “መጀመሪያ የተቀበረበትን ልወቅ። ከዚያ በኋላ የማደርገውን እኔም አላውቀውም” አለኝ፤ አለማወቁ እውነት መሆኑ ነው ያስፈራኝ።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ይህን ሰው ልጠላው አልቻልኩም። እናቱ በሕይወት ካለች እንደ እኔው ደጅ ደጁን የምታይ ሴት ትሆናለች። ነገር ግን ከዚያ ዕለት ጀምሮ ከቤቴ ፊት ለፊት፣ ከሻይ ሻጯ ከዘምዘም በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይውላል። ዘምዘም “እትዬ፣ ሻዩን ያዛል እንጂ አይጠጣውም፤ ያንቺን በር ነው የሚጠጣው” አለችኝ። ኑርሁሴን ሄዶ፣ ዳውድ የውሃ ሹፌር እንደነበር፣ አንድ ሰው እንኳ ከቤቱ እንዳልወሰደ በአላህ ስም ምሎ ነገረው። የተሰጠው መልስ፣ ኮሎኔል ሁሉ ሲሞት የውሃ ሹፌር ነበር ይባላል የሚል ነው። ምስክሩ የተቃጠለው በእኔ እጅ ነው፤ የአሥር አለቃው ምልክት ያረፈው እኔ ካቃጠልኩት ትከሻ ላይ ነበር።

ፎቶግራፉ የተነሣው ዳውድ በልጄ እድሜ ሳለ ነው። ተውፊቅ ዛሬ መስታወት ፊት ሲቆም የሚያየው ያንኑ የመስኮቱን ፊት ነው፤ ዓይኑ፣ ግንባሩ፣ ሲያፍር የሚነክሰው ከንፈሩ ሳይቀር። አሁን ከጀርባ ባለው አጥር ዘሎ ወጥቶ ኑርሁሴን ቤት ያድራል። “እማዬ፣ እኔ ምን አደረግኩ?” ብሎ ይጠይቀኛል። ምንም አላደረገም፤ አባቱን መምሰሉ ብቻ ነው።

ይህንኑ ይዤ ቢሮዎ መጥቼ እንደነበር ያስታውሱ ይሆናል። ፎቶው እንዲወርድ ስለምንዎ “ወይዘሮ ረሺዳ፣ ክብር ሲሰጥሽ መቀበል ልመጂ” ብለው መከሩኝ። የክብር እንግዶቹ ዓርብ መጥተው ሳያዩት መስኮቱ እንደማይነካ፣ ሰውየውም የአእምሮ ችግር ያለበት ሊሆን እንደሚችል አስረድተው፣ በራስዎ እጅ በር ከፍተው ሸኙኝ። የእርስዎ በር ያለ ገመድ እንደሚዘጋ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

የምለምነው ጥቂት ነው። የግብፁን ኮት አውርዱልኝ፤ ፊቱን ተዉልኝ። አድራሻውን ፋቁልኝ። ከሥሩ “አሥር አለቃ ዳውድ ይመር፣ የውሃ ቦቴ ሹፌር” ብላችሁ ጻፉ፤ ዓርብ ዕለትም ይህንኑ አንድ ጊዜ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። እነዚያ ምሽግ ውስጥ የነበሩት ልጆች፣ ከሁለቱም ወገን፣ ውሃ ሲጠማቸው ኮሎኔል አልጠሩም። የእኛዎቹም የዳውድን ቦቴ ከሩቅ ሲሰሙ ባዶ ጣሳቸውን ይዘው ይነሡ እንደነበር ኑርሁሴን እያለቀሰ ያወራል። መታሰቢያ ከተባለ እኔ የማውቀው ይህንን ነው፤ ለዚህኛው ገላ አያስፈልገውም፣ ማንንም ደጃፌ አያመጣም።

ክቡርነትዎ ስለ ሙታኖቻችን በሚያደርጉት ጥረት ሕያዋኑን ረስተው ከቆዩበት ታላቅ ሐሳብ ስላናጠብኩዎ ዝቅ ብዬ ይቅርታ እየለመንኩ፣ ዕድሜና ጸጥታ ለቤትዎ እየተመኘሁ፣ ከደጃፌ ሆኜ የምፈርመው፣

ታዛዥዎ
ረሺዳ እንድሪስ
የኮሎኔል ሳይሆን የአሥር አለቃ ዳውድ ይመር ባልቴት

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ጨርሼ ሳጥፍ ሰውየው በሬን አንኳኳ። በገመዱ ክፍተት እንደቆምኩ “ከእነዚያ ኮሎኔሎች በሕይወት ያለ አንድ እንኳ የለም?” አለኝ። ውሸት ደክሞኝ ስለነበር መስኮቱ ላይ የተጻፈውን አነበብኩለት፤ ከመካከል ያለው ትልቁ በሕይወት እንዳለ፣ ስሙ ኮሎኔል ስለሺ እንደሚባል። ክብርዎ በትሕትና የተዉትን አድራሻም እኔ ሞላሁልዎ። አመስግኖኝ ሄደ፤ የዘምዘም በርጩማ ዛሬ ባዶ ነው። ሲመጣ አይደንግጡ፣ ድምፁን የሚያነሣ ሰው አይደለም። ብቻ የልጆችዎን ጫማ ከደጃፍ ላይ ያስነሡ።