አሮጌው ፒካፕ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

የጌታ ሰላም ይብዛልሽ። እንዴት ነሽ እማዬ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ሽንኩርቱ ደረሰ ወይስ ዝናቡ አበላሸው? እኔ ደህና ነኝ፤ የአዳማ ሙቀትና አቧራም እንደምታውቂያቸው ደህና ናቸው። ስደውል አላነሳም ስላልሽ ይህንን ደብዳቤ ለሙሉአለም ሰጥቼዋለሁ፤ ሽንኩርት ሊጭን ዓለም ጤና ሲመጣ በእጅሽ ያደርስልኛል።

በቅድሚያ አንድ ነገር ላጥራ። ፒካፕ እየመረጥኩ ነው፣ አንድ አሮጌና አንድ አዲስ አግኝቻለሁ ስልሽ መኪና ማለቴ አልነበረም። ሞጆ መግቢያ ላይ ወንድሜን ጋሮምሳን የገደለው ፒካፕ መሆኑን እያወቅሁ፣ አንድ የቀረሁሽ ልጅ መሆኔን እያወቅሁ እንዴት ብዬ እገዛለሁ? ደግሞስ በየትኛው አቅሜ! እኔ ያልኩት የጊታር ፒካፕ ነው። ማግኔት ላይ ቀጭን ሽቦ ይጠመጠምና ከክሮቹ ሥር ይቀመጣል፤ የክሩን ንዝረት ለድምፅ ማጉያው ያቀብላል፣ የጊታሩ ጆሮ በይው። እኛ የምንጫወተው ሄቪ ሜታል፣ አንቺ የአጋንንት ጩኸት የምትይው፣ ሃምበከር የሚባለውን ይፈልጋል። ጥቅሉ ሁለት ነው፤ እምምም የሚለውን የመብራት ድምፅ አንዱ በሌላው ያጠፋዋል። እናንተ ግን መኪና መስሏችሁ ኅብረቱ በሙሉ ጾም ጸሎት ይዟል አሉ። ሙሉአለም ሲነግረኝ በሳቅ ልሞት ነበር።

ሳቄ የቆመው መልእክትሽን ሲጨርስልኝ ነው። አሮጌው ውስጥ ሰው ተቀምጧል፣ በጸሎት አይተነዋል፣ አዲሱን ይውሰድ ብለሻል።

እማዬ፣ አሮጌው የጋሮምሳ ነው። ከአደጋው በኋላ ፖሊሶች ከጋቢናው አውጥተው የሰጡን ጊታር ትዝ ይልሻል? አንገቱ የተሰበረው። ከእሱ ላይ ነው የፈታሁት። ይህንን ደግሞ ለማንም አልተናገርኩም ነበር፤ እናንተ እንዴት አያችሁት?

ፋዲላ የምትባል የድምፅ ማጉያ ጠጋኝ ሁለቱንም በየተራ ገጠመችልኝ። አዲሱ ጉልበተኛ ነው፤ ስትመቺው ደረት ይመታል፣ ስታቆሚ ጸጥ ይላል። ድራም የሚመታልን ኢሊያስ፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ፣ ቅዳሜ ቢሾፍቱ ዝግጅት አለብን፣ ይኼን ውሰድና እንገላገል አለኝ። አሮጌው ግን ድምፁ ወፍራምና ሞቅ ያለ ነው። ክሮቹን በመዳፌ አፍኜ እንደያዝኩ ማጉያው ውስጥ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ፋዲላ ሳቀች። ሽቦውን አጥብቆ የሚይዘው ሰም ቀልጦ ወጥቷል፣ ያኔ የሰው ድምፅም ይቀበላል አለችኝ፤ ሰሙ ሄዶ ወርቁ ቀርቶልሃል ብላም ቀለደችብኝ። ኢሊያስን አንተ ነህ ወይ የጠረግከው አልኩት። አይደለሁም አለ። እሷም አልነበረችም።

እኔም እንደ ሞኝ ጎንበስ ብዬ፣ ጋሮ አልኩት።

አቤት አለኝ።

ያ ስትጠሪው ምንድን ነው እያለ ሲያናድድሽ የኖረ፣ አቤት በል እያልሽ ብትቆጪው አንድ ቀን እንኳ ያልሰማሽ ልጅሽ! ኢሊያስ የባጃጅ ሬዲዮ ጠልፎ ነው አለና ጃኬቱን አንስቶ ወጣ። ፋዲላ ቀልዷን ትታ፣ ከፈለግህ የጋለ ሰም ውስጥ ልንከረው፣ ከዚያ ወዲያ ትንፍሽ አይልም አለችኝ።

አይሆንም አልኳት። ተቆጪኝ። ፈርቻለሁ፣ አልዋሽሽም። ግን ወንድሜን በገዛ እጄ ደግሜ ልቅበረው? አዲሱን ለእሷ ትቼላት አሮጌውን ጊታሬ ላይ አስገጥሜ ወጣሁ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሶኬቱን እንኳ ሳልሰካው በስሜ ጠራኝ። እንዳሳደግሽኝ አቤት አልኩት። ቅዳሜ ሞጆን አብረን እናልፋለን አለኝ።

ስለዚህ አትስጊ፤ ብቻዬን አይደለሁም። እግዚአብሔር ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ጉልበትሽን ያበርታልሽ። ኅብረቱን ሰላም በይልኝ፤ ጾሙንም ፍቱት።

የሚወዱሽ፣
ሁለቱ ልጆችሽ