የተሰፋው እጅጌ

ለታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ ተሻለው ወይ? ልጆቹስ ከየሄዱበት ይደውሉልሻል? እኔ ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ከደህና በላይ ነኝ። ስትስቂብኝ ይታየኛል፣ ግን ፊልሜን ጨረስኩ። ሃያ ሁለት ደቂቃ ናት። ደራሲዋም፣ አዘጋጇም፣ ዋና ተዋናይዋም እኔው ነኝ። ቅዳሜ ለሕዝብ ከመታየቷ በፊት ግን ያንቺን ፈቃድ እፈልጋለሁ።

«ሰው ፊት ውኃ እንኳ መጠጣት የሚያሳፍርሽ ልጅ ቲያትር ቤት ምን ልትሠሪ ነው?» ያልሽኝን አልረሳሁም። የገባሁት ልብስ ልተኩስ ነበር። ተዋንያኑ ኪሳቸው ውስጥ የሚረሱትን የድርሰት ቁራጭ እያወጣሁ ሳነብ፣ ሳላስበው የሁሉንም ቃል አጠናሁት። አንድ ቀን አንዷ ታማ ቀረች። አዘጋጁ ራሱን ይዞ ሲንቆራጠጥ፣ ካውያዬን አስቀምጬ «እኔ እችለዋለሁ» አልኩት። ከዚያ ወዲህ አንዴ ጎረቤት፣ ሁለቴ ነርስ፣ አንዴ ሬሳ ሆኛለሁ። በጣም የተመሰገንኩት በሬሳዋ ነው።

ፊልሙን የቀረጸልኝ ሰርግ የሚቀርጽ ጎረቤቴ ነው። ሁሉን ነገር «አንዴ ብቻ እንድገመው» ስለሚል ስሙ «አንዴ ብቻ» ሆኖ ቀርቷል። የኋላ ክፍሌ ውስጥ አልጋ አስገብተን የባልና ሚስት መኝታ ቤት አደረግነው። በመጀመሪያው ቀን ሚስትየዋ ባሏ እጅጌዋን ቀዶባት ከቤት ስትወጣ ቀረጽን።

እዚህ ላይ ጉድ ሠራሁ። እጄን ታውቂው የለ፣ የተቀደደ ነገር አይቶ አያልፍም። ቀረጻው እንዳበቃ ቀሚሱን አጠብኩት፣ እጅጌውን ሰፋሁት፣ ተኩሼ ሰቀልኩት። በማግስቱ ሚስትየዋ የምትሠራበት ልብስ ስፌት ሱቅ ስትደርስ ልንቀርጽ ስንል «አንዴ ብቻ» ካሜራውን አውርዶ፣ «ምነው እናቴ፣ ትናንት ተቀዶ የወጣው እጅጌ መንገድ ላይ ዳነ እንዴ?» አለኝ። መልሰን ብንቀደውም እንደ ትናንቱ አይቀደድም።

ትንሽ አሰብኩና፣ ስፌቱን ግማሽ ድረስ ፈትቼ «ስሰፋው ቅረጸኝ» አልኩት። ሱቁ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ቀሚሱን ሳላወልቅ፣ በአንድ እጄ ብቻ፣ እጅጌውን እላዬ ላይ ሰፋሁት። ክሩን በጥርሴ በጠስኩ፣ ፊቴን በመዳፌ ጠረግሁ፣ ተነሥቼ የሱቁን በር ከፈትኩ። «አንዴ ብቻ» ድገሚው አላለኝም። ቆይቶ ግን፣ «ልብስ ሳያወልቁ በአንድ እጅ መስፋት ማን አስተማረሽ?» አለኝ። አንድ ጊዜ ሰው ሲሰፋ አይቻለሁ አልኩት።

እትዬ፣ የልብስ ስፌት ሱቃችን የኋላ በር ያን ጠዋት ገርበብ ብሎ ነበር። ስገባ «ዛሬ ደግሞ ምን አስረፈደሽ?» ብለሽ ተቆጣሽኝ። አላረፈድኩም። ደጅ ቆሜ ስትሰፊ አይሽ ነበር።

ያችን ትዕይንት አውጪያት ካልሽኝ አወጣታለሁ። እስከ ሐሙስ ቃልሽን ላኪልኝ። አስራ ዘጠኝ ደቂቃም ፊልም ነው፤ ደግሞም ሌላ እሠራለሁ፣ አሁን እንደምችል አውቄዋለሁ። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ከሠራሁት ሁሉ እሷን የሚያህል የለም። በእሷ አላፍርም። አንቺም የምታፍሪበት ነገር የላትም።

የሚታየው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ በሩ አጠገብ ወንበር ይዤልሻለሁ። አንድ ወንበር ብቻ ነው የያዝኩት፤ ለባልሽ አልያዝኩም። ለቀረጻው ያስገባነውን አልጋ ደግሞ ላንቺ ብዬ አላወጣሁትም። አንሶላው ታጥቧል።

ፈጣሪ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ፤ መርፌ የያዘ እጅሽን አያድክምብኝ።

ከእንግዲህ ደጅ የማትቆመው
ታናሽሽ