ከዓሣው በኋላ፣ ከሥጋው በፊት

ኦዲልዬ፣

በግብዣ ላይ «ጉድጓዱን እንቆፍር» የሚለውን ቃል ጮክ ብሎ የሚናገረው ሁልጊዜ አጎቴ አንሴልም ነበር። ዓሣው ተነሥቶ ሥጋው ከመቅረቡ በፊት፣ የፖም አረቄ የፈሰሰበት በረዶ በትንንሽ ብርጭቆ ይመጣል። እዚህ ኖርማንዲ «ጉድጓድ» ይሉታል፤ ለሚቀጥለው ምግብ ሆድ ውስጥ ቦታ ይቆፍራል ብለው። እናንተ ከተማ ሊዮን ውስጥ ብናቀርበው፣ ጣፋጩ ቀድሞ መጣ ብለሽ ትስቂ ነበር።

ዛሬ ጠዋት አጎቴን ቀበርነው። ሚስቱ፣ አክስቴ ሌዮንቲን፣ እንግዶቹ ሳይሄዱ ላታለቅስ ምላለች። ምሳ ላይ ዓሣው እንደተነሣ፣ እንደ እሱ ጮክ ብላ፣ «በሉ፣ አሁን ጉድጓዱን እንቆፍር!» አለች።

 የአጎቴ ወንድም ፊርማን፣ ያ አፉ የማያርፈው፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ለዛሬ አንዱ አልበቃሽም?» አላት።

«አንተ ባለጌ! እሱ ቢሰማህ ብርጭቆህን ይቀማህ ነበር» ብላ ሳቀች። ሁላችንም ሳቅን። እኔ ግን ሳቁ ሲያልቅ የሚመጣውን ፈራሁ።

ብርጭቆዎቹን አደለች። አሥራ ሁለት ነበርን፤ አሥራ ሦስተኛው እጇ ላይ ቀረ። ያልደረሰው ማን እንደሆነ ለማየት ጠረጴዛውን ዞር ዞር ብላ ቃኘች።

«ወዲህ በይው ሌዮንቲን፣ እኔ እጠጣዋለሁ» አላት ፊርማን ቀስ ብሎ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ፤ ጠርዙ ላይ ነው የምጽፈው። እናትሽን ሳሚልኝ፣ ጉልበቷ ተሻላት? ሐሙስ ባቡር ጣቢያ ብትመጪልኝ ደስ ይለኛል፣ ናፍቀሽኛል።

አክስቴ ግን ለፊርማን አልሰጠችውም። ብርጭቆውን በሁለት እጇ እንደያዘች ማዕድ ቤት ገባችና በሩን በእግሯ ዘጋችው።