ፀሐይ በመሞቋ ማስጠንቀቂያ ስለተሰጣት ነፍሰ ጡር ሠራተኛ

ለመሥሪያ ቤቱ የሰው ሀብት አስተዳደር ኃላፊ

ቀን፦ ኅዳር 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ ሁለት ማስጠንቀቂያዎች እንዲነሱና በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ፀሐይ እንዲፈቀድ ስለመጠየቅ

«ሠራተኛዋ በሥራ ሰዓት በግቢው አግዳሚ ወንበር ላይ እጅጌያቸውን ሰብስበው ፀሐይ ሲሞቁ ስለተገኙ ሁለተኛ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷቸዋል። ብርሃን ካስፈለጋቸው አንደኛ ፎቅ ባለው የመስታወት ኮሪደር መቀመጥ ይችላሉ።»

ይህ ቃል በቃል የተገለበጠው መሥሪያ ቤትዎ ኅዳር 6 ቀን ከጻፈው ደብዳቤ ነው። ሠራተኛዋ ባለቤቴ ስትሆን የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። በእሷ ፈቃድ የሚከተለውን አመለክታለሁ።

1. ባለቤቴ የምትሠራው ምድር ቤት ባለው መዝገብ ቤት ነው። መስኮት የለውም። በሙያዬ የሕንፃ ተቆጣጣሪ ስለሆንኩ ለክቼዋለሁ፤ ከግቢው ሦስት ሜትር ከሃያ ዝቅ ይላል።

2. ሐኪሟ ደሟን መርምሮ የቫይታሚን ዲ እጥረት እንዳለባት በጽሑፍ አረጋግጧል። ኪኒን አዟል፤ ከኪኒኑ ጋር ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ለሃያ ደቂቃ ክንዷ ፀሐይ እንዲያገኝም አዟል። ቫይታሚኑ ካልሲየም ከምግብ ወደ ደም እንዲገባ ያግዛል። ፅንሱ አጥንቱን የሚገነባው እናቱ በምታቀብለው ነው፤ አብዛኛውንም የሚወስደው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ነው። የእናትየው ቫይታሚን የልጁን አጥንት ለዓመታት ምን ያህል እንደሚወስን ጥናቶች ገና አልተስማሙም፤ ያልተረጋገጠውን ተረጋገጠ ብዬ ክቡርነትዎን አላታልልም። እጥረት ያለባትን እናት ግን ጨለማ ውስጥ አስቀምጧት የሚል ጥናት አላገኘሁም። በእኛ ሙያ ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ «ብረቱን ረሳነው» የሚል ሰው ይባረራል።

3. የመስታወት ኮሪደሩን በተመለከተ፦ የሚፈለገውን ጨረር መስታወት ያስቀረዋል። በዚህ ነጥብ እርስዎን ብቻ መውቀስ ፍትሐዊ አይሆንም። እኔም ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት ባለቤቴን ሳሎናችን መስኮት ሥር አስቀምጬ፣ ጥላው በተጠጋ ቁጥር ወንበሯን እየገፋሁ፣ ሰዓት ይዤ ቆጥሬያለሁ። አዋላጇ ስትሰማ በሳቅ ፈረሰች፤ «አይ አባባ! አሞቋት እንጂ ምን ሰጧት?» አባባ ያለችኝ የልጁ አያት መስያት ነው። አልተቀየምኩም። በተጋባን በአሥራ ስድስት ዓመታችን፣ በሃምሳ ሦስት ዓመቴ፣ አባት ልሆን ነው! እሑድ ዕለት ጆሮዬን ሆዷ ላይ ባደርግ ልጁ ጉንጬን ረገጠኝ። ይህ ከአቤቱታው ጋር እንደማይገናኝ አውቃለሁ። ለጎረቤቴ፣ ለዳቦ ሻጯ፣ ለማላውቀው የአውቶቡስ ሾፌር ሳይቀር ነግሬ እርስዎን ብዘል ግን አድልዎ ይሆንብኛል።

4. አድልዎ ካነሳሁ፣ በዚያው ግቢ ሲጋራ የሚያጨሱ ባልደረቦቿ በቀን ሦስት ጊዜ ይወጣሉ። ኅዳር 7 እና 10 በአጥሩ ውጭ ቆሜ ሰዓቱን መዝግቤያለሁ። ጥበቃው «ጋሼ፣ ዕቃ ጠፋብዎት እንዴ?» ብሎ መጣ። ምክንያቱን ስነግረው «እንኳን ደስ ያለዎት! ስም ወጣለት?» ብሎ በርጩማ አቀበለኝ። ለአንዱም አጫሽ ማስጠንቀቂያ አልተጻፈም።

5. የመጀመሪያውም ማስጠንቀቂያ የተሰጣት ለዚሁ ፀሐይ ነበር፤ በሦስተኛው ባለቤቴ ከሥራ ትሰናበታለች። ስለዚህ ከኅዳር 6 ጀምሮ ወደ ግቢው አልወጣችም። ሃያ ደቂቃውን ከሥራ መውጫ በኋላ ለማካካስ ፈቃደኛ ናት።

ስለሆነም ሁለቱ ማስጠንቀቂያዎች ከማኅደሯ እንዲወጡ፣ የሐኪሙ ትእዛዝም በጽሑፍ እንዲፈቀድ እጠይቃለሁ። የሐኪሙን ማስረጃና የአጫሾቹን ሰዓት ዝርዝር አያይዣለሁ። አቤቱታው ስድስት ገጽ ነበር፤ ባለቤቴ «አንተ ሰውዬ፣ የሚወለደው ልጅ ነው ወይስ ድልድይ?» ብላ ነው ያሳጠረችው።

መልስዎን በጽሑፍ እስከ ኅዳር 20 ቀን ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ እጠብቃለሁ። «እናየዋለን» መባልን እንደ መልስ አልቆጥረውም፤ እናንተ እስክታዩት ልጁ አጥንቱን ገንብቶ ይጨርሳል።

ከአክብሮትና መደበቅ ካቃተኝ ደስታ ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የሕንፃ ተቆጣጣሪ፣ የሠራተኛዋ ባለቤት